ሽጉጡ ላይ ያለው «ፒ» ፖሊስ ማለት አይደለም፣ «ፖ 47» ግን ሌላ ጉዳይ ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ጋሼ ከኮምቦልቻ ነኝ። ከአያቴ የቀረ ባለስድስት ሽጉጥ ቤታችን አለ። አያቴ በጃንሆይ ጊዜ ደሴ ፖሊስ ነበር፣ ጡረታ የወጣው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ቤተሰቡ የሚያወራው በ1933 ጣሊያን እዚህ ኮምቦልቻ ላይ ሲሸነፍ ከአንድ መኮንን እጅ ማርኮ እንደያዘው ነው። አናቱ ላይ በእንግሊዝኛ የአሜሪካ ንብረት ይልና ጂ.ኤች.ዲ. የሚል አለው፣ ትንንሽ ፒ ብዙ ቦታ አለ፣ ዘውድና ከስሩ ቢ.ኤን.ፒ.፣ አፈሙዙ ላይ .38 እና .767 እና 3½ ተን፣ እጀታው ታች ቪ ከቁጥር ጋር፣ ጎኑ ላይ ደሞ በኛው ፊደል ፖ 47። ደሴ ያለ ደላላ ዘውዱን አይቶ የክብር ዘበኛ ነው ዋጋው ከባድ ነው አለኝ። የየትኛው ፖሊስ ነው? ምልክቱ በደንብ እንዲታይ ግማሹን በብርጭቆ ወረቀት አጽድቼዋለሁ፣ ልቀጥል?»

አትቀጥል። ብርጭቆ ወረቀቱን አሁኑኑ ጣለው። የምትፈልገው መልስ ያለው እኮ እዛው በምትፍቀው የብረቱ ቆዳ ላይ ነው፣ አንድ ምልክት መቼ እንደተመታ የሚለየው ከፊደሉ ይልቅ በፊደሉ ውስጥና ዙሪያ ባለው ቀለምና ዝገት ነው፣ እሱ ከሄደ በኋላ የቱም ባለሙያ ፊደሉን ከማንበብ ያለፈ ነገር ሊነግርህ አይችልም። ያልነካኸው ግማሽ ፖ 47 ያለበት ጎን ከሆነ እድለኛ ነህ።

ትልቁ ስህተት ሽጉጡ ላይ ያለውን ምልክት ሁሉ የያዘው መስሪያ ቤት ምልክት አድርጎ ማንበቡ ነው። አሮጌ የአገልግሎት ሽጉጥ በአምስት ቢሮ የዞረ ደብዳቤ ማለት ነው፣ ማህተሙ ሁሉ የአንድ ቢሮ አይደለም፣ አንዱ የፋብሪካ ነው፣ አንዱ ፋብሪካው ውስጥ የተቀመጠ የመንግስት ተቆጣጣሪ ነው፣ አንዱ የጥይት ግፊት የፈተነ ቤት ነው፣ አንዱ የንብረት ነው፣ መጨረሻ ላይ ነው ሽጉጡን ለሰው ያደለው ክፍል የራሱን ተራ ቁጥር የሚመታው። አንተ ከዘረዘርካቸው ውስጥ ይሄ የመጨረሻው ሊሆን የሚችለው አንድ ብቻ ነው፣ ፖ 47። ሌላው በሙሉ የሽጉጡን የጉዞ ታሪክ ነው የሚናገረው፣ እሱን ስናነበው ደሞ ቤተሰብ የሚያወራው ታሪክ ላይ ችግር ይፈጥራል።

ከቪ እንጀምር። ያንተ ሽጉጥ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሰራው ቪክትሪ ሞዴል ነው፣ ቪዋም ከዛ የመጣች ናት። ፋብሪካው ቪን ከቁጥሩ ፊት ማድረግ የጀመረው የድሮ ተራ ቁጥሩ አንድ ሚሊዮን ሲሞላ ነው፣ ይሄ ደሞ በፈረንጅ 1942 ነው። የኮምቦልቻ ውጊያ በሚያዝያ 1933 ነው፣ ደሴ የተያዘችው ሚያዝያ 18 ነው፣ በፈረንጅ 1941 መሆኑ ነው። ማለትም ያ ውጊያ ሲካሄድ ይሄ ሽጉጥ ገና አልተሰራም። ጣሊያን መኮንን ደሞ በዛን ሰዓት የአሜሪካ መንግስት ንብረት የሚል ሽጉጥ የሚታጠቅበት ምክንያት የለውም። አያትህ ዋሽተዋል እያልኩህ አይደለም፣ እንዲህ አይነት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚሆነው የሁለት መሳሪያ ወሬ በአንድ ላይ ተደርቦ ነው፣ ምናልባት የማረኩት ሌላ ነበር፣ ተሸጦ ወይ ተመልሶ ቤት የቀረው ይሄኛው ሆነና ወሬው ወደዚህ ዞረ። አክስቶችህን ወይ በእድሜ ትልልቆቹን «ሌላ ሽጉጥ ነበር ወይ» ብለህ ለብቻ ለብቻ ጠይቃቸው፣ አንድ ላይ ከጠየቅካቸው አንዱ የሌላውን ነው የሚደግመው።

ጂ.ኤች.ዲ. የፖሊስ ክፍል አይደለም የሰው ስም ነው። ጋይ ኤች. ድሩሪ የሚባል የአሜሪካ ጦር ኮሎኔል ነበር፣ ለመንግስት የሚሰራውን መሳሪያ የሚረከበው እሱ ስለነበረ የስሙ መጀመሪያ ፊደላት ይመታበታል፣ ከሱ በፊት በነበሩት አንዳንድ መሳሪያዎች ላይ ደብሊው.ቢ. የሚል ታያለህ እሱም ዋልደማር ብሮበርግ የሚባል ሌላ ተቆጣጣሪ ነው። የአሜሪካ ንብረት የሚለውም አሜሪካን ፖሊስ ይዞት ነበር ማለት አይደለም። አሜሪካ በጦርነቱ ጊዜ ለእንግሊዝና ለግዛቶቿ መሳሪያ ስታበድር ንብረቱ በወረቀት የአሜሪካ ሆኖ ስለሚቆይ ነው እንደዛ የሚመታው፣ ከ500 ሺህ በላይ ባለ .38 ሽጉጥ እንዲህ ወደ እንግሊዝ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ አውስትራሊያ፣ ካናዳ ሄዷል። አፈሙዙን በማስመሪያ ለካው፣ ከሲሊንደሩ (ጥይት ከሚገባበት ተሽከርካሪ ክፍል) ፊት ጀምሮ እስከ ጫፍ 12.7 ሳንቲም አካባቢ ከሆነ ለእንግሊዝ የተሰራው አይነት ነው። ለአሜሪካኖቹ ለራሳቸው የተሰራው አጠር ይላል፣ 10 ሳንቲም አካባቢ።

ትንንሾቹ ፒዎች አብዛኛውን ሰው ያሳስታሉ። ፖሊስ ይመስላል ግን በአፈሙዙ፣ በሲሊንደሩና በአካሉ ላይ እየለየች የተመታችው ፒ የአሜሪካ ጦር ጥይት ተኩሶ ፈትኖ አልፏል ያለበት ምልክት ናት። ፖሊስ ንብረቱን ምልክት ሲያደርግ አንድ ቦታ ያደርጋል፣ ሶስት የተለያየ ክፍል ላይ እየዞረ የሚመታበት ምክንያት የለውም።

ደላላው ወደያዘው ዘውድ ስንመጣ። እኛ ሀገር ዘውድ ያየ ሰው ሁሉ ወደ ጃንሆይ ነው የሚሮጠው፣ ልማድ ነው፣ ግን ዘውድ የአውሮፓ መሳሪያ ላይ እንደ ነጠላ ሰረዝ በየቦታው አለ። ዘውድና ከስሩ ቢ.ኤን.ፒ. የበርሚንግሃም የመሳሪያ መፈተኛ ቤት ነው፣ ይሄ ቅርጽ የመጣው በፈረንጅ 1955 በስራ ላይ በዋለው ደንብ ነው። የቤልጅግ መሳሪያ ካየህ ደሞ ሞላላ ክብ ውስጥ ኢ.ኤል.ጂ. ይልና አናቱ ላይ ዘውድ አለው፣ እሱ የሊዬዥ መፈተኛ ነው፣ ዘውዱ የተጨመረው በፈረንጅ 1893 ነው፣ ወሎ ውስጥ ስንት ሰው እሱን የንጉስ ሚካኤል ነው ብሎ እንደሚምል ብነግርህ ትስቃለህ። የኛ የዘውድ ምልክት ሲሆን የይሁዳ አንበሳ ነው፣ ዘውድ የጫነ ባለ መስቀል ዘንግ የያዘ አንበሳ፣ እሱን ደሞ አንተ አልጠቀስክም፣ ስለዚህ የክብር ዘበኛ የሚለው ወሬ የቆመበት ነገር የለም። .38 እና .767 እና 3½ ተንም የዚሁ የበርሚንግሃም ፈተና ናቸው፣ .767 የጥይቱ ቀለህ ርዝመት በኢንች ነው፣ 3½ ተን የግፊቱ ልክ ነው።

እዚህ ጋ ግን ትልቅ ነገር አለ ልብ በል። የእንግሊዝ ህግ መሳሪያ ከመንግስት መጋዘን ወጥቶ ለገበያ ከመሸጡ በፊት ለንደን ወይ በርሚንግሃም ይፈተን ይላል። ጦሩ እጅ ላይ እያለ ይሄ አያስፈልገውም። ያንተ ሽጉጥ ቢ.ኤን.ፒ. ካለው ከ1955 ወዲህ፣ በኛ ከ1947 አካባቢ ጀምሮ፣ እንግሊዝ ሀገር ውስጥ ነበረ፣ ተፈተነ፣ ለንግድ ተሸጠ ማለት ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከዛ በኋላ ነው። ይሄ ከአያትህ የስራ ዘመን ጋር ይገጥማል፣ ከ1933 ጋር ግን በምንም መንገድ አይገጥምም። ሁለት የማይተዋወቁ ምልክቶች፣ ቪና ቢ.ኤን.ፒ.፣ ያንኑ ነገር ነው የሚሉት።

ሌሎቻችሁም ከ1933 የቀረ መሳሪያ ቤታችሁ እንዳለ ስለምታወሩ በዛ ውጊያ የተማረከ ቢሆን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ከጣሊያን ከሆነ ሬቮልቨሩ፣ ማለትም ባለ ተሽከርካሪ ሲሊንደሩ፣ ብዙውን ጊዜ ቦዴዮ የሚባለው በፈረንጅ የ1889 ሞዴል ነው፣ 10.35 ሚሊ ሜትር፣ ካራቢኔሪ የሚባሉት የጣሊያን ወታደራዊ ፖሊሶችም የታጠቁት ነው፣ የተራው ወታደር የቃታ መከላከያ ቀለበት የለውም ቃታው ይታጠፋል፣ የመኮንኑ ግን ቀለበት አለው። ሬቮልቨር ያልሆነው ቤሬታ 1934 ላይ አር.ኢ. ካለ የንጉሱ ጦር፣ አር.ኤም. ባህር ሀይል፣ ፒ.ኤስ. ደሞ የህዝብ ደህንነት ፖሊስ ነው፣ እዚህ ላይ አዎ ትክክለኛ የፖሊስ ምልክት አገኛችሁ። ቤሬታው ላይ ከፈረንጅ ዓመቱ አጠገብ በሮማ ቁጥር የፋሽስት ዓመት አለ፣ ሙሶሊኒ በፈረንጅ ከጥቅምት 1922 ጀምሮ የቆጠረው፣ በኛ ሚያዝያ 1933 ላይ 19 ላይ ነበሩ፣ 20 ወይ ከዛ በላይ የሚል ቤሬታ ኮምቦልቻ ተማረከ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በትህትና አሳልፉት። ኮምቦልቻና ደሴን ከአርበኞቹ ጋር ሆኖ የያዘው ደሞ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ስለነበረ ከነሱ የቀረ ከሆነ የምትፈልጉት ዩ ፊደልና ውስጧ የገባች ቀስት ናት፣ የደቡብ አፍሪካ ህብረት የመከላከያ ንብረት ምልክት ናት። ቀስቷ ብቻዋን ከሆነች የእንግሊዝ ጦር፣ ሲ ውስጥ ከሆነች ካናዳ፣ ሁለት ቀስት አፍ ለአፍ ከተጋጠሙ ደሞ መንግስት ሸጦ አስወጥቶታል ማለት ነው።

ፖሊስ የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሲገኝም ቶሎ አትደሰቱ። ኮልት ኦፊሻል ፖሊስ፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሚሊታሪ ኤንድ ፖሊስ፣ እነዚህ የሞዴል ስሞች ናቸው፣ ማንም ሱቅ ገብቶ የሚገዛቸው። የእንግሊዙ ሽጉጥ ዌብሊ አር.አይ.ሲ. የሚለው ከአየርላንድ ፖሊስ ስም የተወሰደ ነው፣ ያ ፖሊስ በፈረንጅ 1868 ተቀብሎታል እውነት ነው፣ ግን ፋብሪካው ስሙን ይዞ ለመላው ዓለም ሲሸጠው ኖሯል።

አሁን ወደ ፖ 47። ይሄ በኛ ፊደል ስለተመታ እዚህ ሀገር ውስጥ ነው የተመታው፣ እስካሁን ካየናቸው ሁሉ መጨረሻ የመጣም እሱ ነው። የኛ ፖሊስ በኛ አቆጣጠር በ1934 በአዋጅ ሲቋቋም ከእንግሊዞች ጋር ስለነበረ መሳሪያን ቁጥር እየሰጡ በደብተር ማደል የእንግሊዝ አሰራር ነው፣ ስለዚህ ፊደልና ቁጥር ያለው ምልክት የመስሪያ ቤት ተራ ቁጥር ይመስላል፣ ለኔም ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ እሱ ነው። 47ቱን ግን ዓመተ ምህረት አድርገህ እንዳታነብ፣ ከ1947ቱ ፈተና ጋር መገጣጠሙ ያጓጓል አውቃለሁ፣ ግን ተራ ቁጥር ከ1 እስከ ፈለገው ይሄዳል 47ም እዛ ውስጥ አለ። ሌላ ተመሳሳይ ሽጉጥ ላይ በተመሳሳይ ፊደል ፖ 12 ወይ ፖ 80 ከተገኘ ነገሩ ያልቃል፣ ካልተገኘ ደሞ ፖሊስ የሚለው ግምት ሆኖ ይቆያል፣ የደሴ ፖሊስ ነው የወሎ ጠቅላይ ግዛት ነው አዲስ አበባ ነው ብሎ ከአንዲት ፖ ላይ ተነስቶ የሚነግርህ ሰው ካለ እየሸጠልህ ነው።

ምልክቱ የቆየ ወይ የቅርብ መሆኑን ራስህ ማየት ትችላለህ። ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክህን ባትሪ በጎን፣ ከብረቱ ጋር ሊነካካ ትንሽ እስኪቀረው ዝቅ አድርገህ አብራ። የድሮ ምት ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ውስጡ ከዙሪያው ጋር አንድ አይነት ይጠቁራል፣ ዝገት ካለ ዝገቱ ፊደሉን አቋርጦ ያልፋል። የቅርብ ምት ሲሆን ውስጡ ያብለጨልጫል፣ ዳሩ በጣት ሲነካ ይሻክራል፣ ዝገት የበላው ጉድጓድ ላይ ፊደሉ ተደፍቶበት ታያለህ። ፊደሉ እንዲታይህ በጠመኔ ዱቄት ሙላውና በለስላሳ ጨርቅ አናቱን ጥረገው፣ ነጭ ሆኖ ይነበባል፣ ብረቱም አይጎዳም። ፎቶ ስታነሳ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጥ። ቪ ያለውን ቁጥር ደሞ ከሲሊንደሩ የኋላ ፊትና ከአፈሙዙ ስር ካለው ጋር አስተያየው፣ ከተለያየ ክፍሉ ተቀይሯል። ይሄን ሁሉ ከማድረግህ በፊት ሲሊንደሩን ከፍተህ ስድስቱም ባዶ መሆኑን በአይንህም በጣትህም አረጋግጥ፣ ባዶ ነው ብለው የሰጡህ ቢሆንም።

ጥይት የሚባል ነገር አታስገባበት። ይሄ የተሰራው ለአጭሩ .38 ነው፣ አሁን የሚገኘው .38 ስፔሻል ቀጠን ብሎ የሚረዝም ሌላ ጥይት ነው፣ ከጦርነቱ በኋላ ግን ነጋዴዎች ብዙዎቹን ሲሊንደራቸውን አስበስተው ስፔሻል እንዲገባ አድርገዋል፣ ገባ ማለት ይሰራል ማለት አይደለም፣ ቀለሁ ሰፊ ቦታ ውስጥ ያብጣል ይሰነጠቃል። በዛ ላይ ከቁጥሩ ፊት ኤስ.ቪ. ሳይሆን ቪ ብቻ ያለው የድሮው የመቺ ማገጃ ነው ያለው፣ ወድቆ ሊተኩስ ይችላል፣ ፋብሪካው በፈረንጅ 1944 መጨረሻ የቀየረው አንድ መርከበኛ በወደቀ ሽጉጥ ከሞተ በኋላ ነው።

ወረቀት ላይ ነው እንግዲህ እውነቱ የሚገኘው። የአያትህ የጡረታ ፋይል፣ መታወቂያ፣ የደንብ ልብስ ለብሰው የተነሱት ፎቶ (ከእጀታው ቀለበት አንገት ላይ የሚሄደው ገመድ ከታየ በጣም ጥሩ)፣ የቆዳ ማህደሩ ካለ ውስጡ የተመታ ምልክት፣ ከሁሉ በላይ ደሞ መሳሪያ የተረከቡበት ወረቀት፣ እንደዛሬው ሞዴል 22 አይነት። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን የታሪክ ፋውንዴሽንም በክፍያ የቁጥሩን ታሪክ ደብዳቤ ይሰጣል፣ ግን ብዙ አትጠብቅ፣ ለጦርነት የተሰሩት ላይ የሚነግርህ ከፋብሪካ የወጣበትን ቀንና ለአሜሪካ መንግስት መጋዘን መሄዱን ነው፣ ከዛ በኋላ በርሚንግሃም ይሁን ደሴ እነሱ ደብተር ላይ የለም። በአካል ከሌላ ሽጉጥ ጋር ማስተያየቱም ከብዷል፣ የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ከተዘረፈ ወዲህ እዚህ አካባቢ ሄዶ ማየት እንደድሮው አይደለም።

አንድ ማንም የማይነግርህ ጣጣ አለ። ፖ 47 የፖሊስ መሆኑ ይበልጥ በተረጋገጠ ቁጥር ያንተ ባለቤትነት ይበልጥ ይዳከማል። የመስሪያ ቤት ቁጥር ያለበት ሽጉጥ እንዴት ግለሰብ ቤት ቀረ የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ ተሸልመው ነው፣ ገዝተው ነው፣ ወይ ሳይመልሱ ቀርተው ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወረቀት ይኖራቸዋል። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደሞ የወረስከውም ቢሆን ያለ ፈቃድ መያዝ አትችልም፣ ያረጀ ነው አይተኩስም ማለት አያድንህም። በደላላ መሸጥ የባሰ ነው። ቁጥሩን ፍቆ መሸጥ የሚል ምክር ከሰማህ ከዛ ሰው ራቅ፣ ቁጥሩ የተፋቀ ሽጉጥ ለሰብሳቢም ዋጋ የለውም ለፖሊስ ደሞ ወንጀል ነው የሚመስለው።

ስለዚህ የምመክርህ አንድ ነው፣ አማራጭ እየሰጠሁህ አይደለም። ሽጉጡን ቤት ቆልፈህ ተወው፣ ይዘኸው የሐረጎን አቀበት ወደ ደሴ እንዳትወጣ፣ ፎቶዎቹንና የአያትህን ወረቀት ብቻ ይዘህ ኮምቦልቻ ፖሊስ ሂድና ከአያቴ የቀረ ነው ላስመዝግብ ብለህ በጽሁፍ አመልክት፣ ማመልከቻህ ላይ የገባበትን ቀንና ማህተም ያለበት ኮፒ ይዘህ ውጣ፣ ሽጉጡን ራሱን አምጣው ሲሉህ እንዴትና ከማን ጋር እንደምታመጣው እነሱ ይንገሩህ። አብሽር፣ ራሱ ቀርቦ ያመለከተና ሲፈተሽ የተገኘበት ሰው እኩል አይታይም። ማመልከቻው ላይ «ከጣሊያን የተማረከ» ብለህ እንዳትጽፍ፣ አሁን ውሸት መሆኑን አውቀሃል፣ የቪውን ቁጥር ከነቪው ሙሉውን ጻፍ፣ ፖ 47ንም አትደብቅ። የፋብሪካውን ደብዳቤ የምታዝዘው ይሄ ካለቀ በኋላ ነው፣ እስከዛው ብረቱን ቀጭን ዘይት በነካ ጨርቅ አንዴ አብስና በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በቆዳ ማህደሩ ውስጥ አታስቀምጠው ቆዳ እርጥበት ይይዛል ያዝገዋል፣ ላምባም አትቀባው።